ደመናው ይብቃን

የስደት ግጥሞቻችን አንድ የጋራ ሕመም አለባቸው። ቦሌ ላይ ያለቅሳሉ፣ ዋሽንግተን ደርሰው ይናፍቃሉ፤ በመካከል ያለው መንገድ የለም። ካለም አውሮፕላኑ ንስር ነው፣ ደመናው የተባዘተ ጥጥ ነው። ገጣሚው በመስኮት አገሩን ቁልቁል አይቶ፣ እንባውን ሳይጠርግ በቀጣዩ ስንኝ በረዶ ላይ ቆሞ ይገኛል። ሦስት አየር ማረፊያ፣ ሁለት ሌሊት፣ በብረት ወንበር ላይ የተጣጠፈ ወገብ፣ በላብ የረጠበ ፓስፖርት፣ ሁሉም በአንድ ነጠላ ሰረዝ ይዘለላሉ። ይህ ርቀት አይደለም፣ ስንፍና ነው።

ውድ አንባቢ፣ "ግጥም የጉዞ ማስታወሻ አይደለም" የሚለው ክርክር እንደሚመጣ አውቃለሁ። አይደለም። ነገር ግን ገጣሚው የዘለለው ስፍራ ስደተኛው ማን መሆኑ በግልጽ የሚነገርበት ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ፣ ዜጎቻቸው አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የመተላለፊያ ቪዛ የሚጠየቁ 12 አገሮችን በስም ዘርዝሯል። ኢትዮጵያ አለችበት፤ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ጋናና ናይጄሪያም አሉበት። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ያልፋል። በፍራንክፈርት አድርጎ ብራዚል ሊሄድ ያሰበ ኢትዮጵያዊ ግን፣ ከአዳራሹ ወደ ከተማው አንድ እርምጃ ባይወጣም ፈቃድ ያሻዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ብራዚላዊ አያሻውም። ከዚህ የበለጠ የግጥም ነገር ደመናው ውስጥ ተገኝቶ ይሆን?

ሌላም አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ አየሩ ስስ ነው። ለአትላንቲክ ማዶ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ የጫነ አውሮፕላን ከዚያ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ለዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ እንደ ሮምና ደብሊን ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ይቀዳ ነበር። ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን ከዝቅተኛ ሜዳ ስለሚነሣ ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል። መሄዱ ተቆራርጦ፣ መመለሱ አንድ ወጥ! መልክዓ ምድሩ ይህን በነፃ ሲሰጠን እኛ ጥጥ ስንባዝት ኖርን።

የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ ኤልሲ ሲከፈት፣ ዕቃው በመንገድ ላይ ከመርከብ ወደ መርከብ መዛወሩ የተፈቀደ ወይም ያልተፈቀደ መሆኑን የምንሞላበት ቦታ አለ። የሚጫንበት ወደብ ይጻፋል፤ የሚራገፍበት ይጻፋል። ጅቡቲ ሲደርስም ወረቀቱን ይዞ የሚሮጥ ትራንዚተር አለው። ለአንድ ኮንቴይነር የምናደርገውን ያህል ጥንቃቄ ሥነ ጽሑፋችን ለሰው አለማድረጉ ያሳፍረኛል። ደረቁ የባንክ ቅጽ ከቅኔው ይልቅ የታመነ ሆኖ ተገኘ።

ቋንቋ አነሰን እንዳይባል፣ አማርኛው ሞልቶናል። አውሮፕላን ያርፋል፣ የደከመ ያርፋል፣ የሞተም ዐረፈ ይባላል። አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ እያረፈ ተሳፋሪው አንድ ጊዜ እንኳ የማያርፍበትን ጉዞ ለመግለጽ ከዚህ ግስ የተሻለ ማን አለው? ኢራናዊው መህራን ከሪሚ ናሴሪ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2006 በፓሪስ ሻርል ደጎል አየር ማረፊያ ኖረ፤ በ2022 ወደዚያው ተመልሶ እዚያው ዐረፈ። በእርሱ ታሪክ ሆሊውድ ፊልም ሠራበት። እኛ ግን፣ ሦስቱም ፍቺዎች በእጃችን ሳሉ፣ አሁንም በመስኮቱ ቁልቁል እናያለን።

ዱባይ አዳራሽ ውስጥ፣ ወደ ኩዌት ልታልፍ የምትጠብቅ እኅት አስቡ። ከገጠር ወጥታ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። የበሩ ቁጥር መለወጡ በማታውቀው ቋንቋ ይነገራል። ቦርዲንግ ፓሷን ዩኒፎርም ለለበሰ ሁሉ፣ ለጽዳት ሠራተኛውም ሳይቀር፣ እየዘረጋች ታሳያለች። ቤተሰቧ በዚያች ሰዓት "ደርሳለች" ብሎ ቡና አፍልቷል። ባለቅኔ ወዳጆቼ፣ እርሷ የተቀመጠችበት ስፍራ መስኮት የለውም፤ ደመናም አይታይም። የሚቀጥለውን ግጥማችሁን ከዚያ ጀምሩልን።