የትራማዶል ሱስን ማቆም ለምን ይከብዳል?

በአርባ ምንጭ ሙዝ በጭነት መኪና ላይ ሲጭን የሚውል አንድ ወጣት እናስብ። ለወገቡ ሕመም ትራማዶል ታዘዘለት። ሕመሙ ካለፈም በኋላ «ድካም ያስረሳኛል» እያለ ለወራት ወሰደው። አንድ ቀን «በቃኝ» ብሎ አቆመ። በማግስቱ ላብ አጠመቀው፤ አፍንጫው ፈሰሰ፤ ሆዱን ቆረጠው፤ እንቅልፍም አጣ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ዋጠ። ቤተሰቦቹ «ወኔ የለውም» አሉ። ነገሩ ግን የወኔ ጉዳይ አይደለም።

ትራማዶል የሞርፊን ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በአንጎል ግንድ ውስጥ የምትገኘውን ሎከስ ሴሩለስ የተባለች ትንሽ ክፍል ያቀዘቅዛሉ። ይህች ክፍል ኖርአድሬናሊን የተባለውን የንቃትና የድንጋጤ ኬሚካል ታመነጫለች። ፍሬን የተያዘበት ሹፌር ነዳጅ አብዝቶ እንደሚረግጥ ሁሉ፣ አንጎልም መድኃኒቱን ለመቋቋም ሥራውን ያበዛል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቀር ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ክሎኒዲን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ይህችን ክፍል በማረጋጋት የሕመሙን ምልክቶች እንደሚያስታግስ አሳይተዋል።

ሰውን ወደ መድኃኒቱ የሚመልሰው ግን ላቡና ቁርጠቱ ብቻ አይደለም። ጭንቀቱና የመንፈስ መጨለሙ ይብሳል። በዚህ ውስጥ ፍርሃትን የሚያስተናግደው አሚግዳላና ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘው ኒውክለስ አኩምበንስ የተባሉት ክፍሎች ትልቅ ድርሻ አላቸው። የሰውነት ምልክቶቹ በአብዛኛው በሳምንት ገደማ ሲቀልሉ፣ የመንፈስ ጭንቀቱ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ላቡ ደረቀ ማለት ሰውየው ዳነ ማለት አይደለም።

በዚህ ችግር ውስጥ ካሉ፣ በተለይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ በድንገት አያቁሙ። ወደ ጤና ተቋም ይሂዱና የሚወስዱትን መጠን ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ይቀንስልዎታል። ክሎኒዲንንም በራስዎ አይውሰዱ፤ የደም ግፊትን ከልክ በላይ ሊያወርድ ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ካቆሙ በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን መመለስ ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ሰውነት የለመደውን የመቋቋም አቅም ስለሚያጣ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለኝ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ጥፋት አስቀርተዋል። በቤታችን ለታመመው ልጅም ከስድብ ይልቅ ያ ትዕግሥት ይበጀዋል። እጁን ይዘን ወደ ሐኪም እንውሰደው፤ ላቡ ከደረቀ በኋላም ብቻውን አንተወው።