«ተቀባይነት አላገኘም» — ማን ነው ያልተቀበለው?

ወገኖቼ፣ እስቲ ዛሬ ስለ ሰዋስው እናውራ፤ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አይደል!

የዶርም ጓደኛዬ እናት ለአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የፈቃድ ማመልከቻ አስገብተው ስምንት ወር ደጅ ጠኑ። በመጨረሻ የደረሳቸው ደብዳቤ አንዲት መስመር ነች፦ «ያቀረቡት ጥያቄ በመመሪያው መሠረት ተቀባይነት አላገኘም።» ማኅተሙ ክብ፣ ፊርማው የማይነበብ። ማን ነው ያልተቀበለው? ግሡ ባለቤት የለውም! የትኛው መመሪያ? «የውስጥ ነው፣ ለባለጉዳይ አይታይም» ተባሉ። እንዲያዩት ባልተፈቀደላቸው ሕግ ተፈረደባቸው እኮ ነው!

ይህን ሳወራ አንድ የሕግ ተማሪ ወዳጄ ሻዩን እያማሰለ፣ «ታዲያ ዳኛ ምን አገባው? ፍርድ ቤት በየቢሮው ከገባ የመንግሥት ሥራ ይቆማል» አለኝ። ኧረ ባክህ! ዳኛው ፈቃድ ሰጪ ይሁን ያለ የለም። ፈቃዱ ይገባቸዋል አይገባቸውም የሚለውን መሥሪያ ቤቱ ይወስን። ዳኛው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህን የመወሰን ሥልጣን ከየትኛው ሕግ አገኘህ? ባለጉዳዩን ሰምተሃል? በነገሩ ውስጥ የራስህ ጥቅም የለበትም? ምክንያትህን ጽፈሃል? መልስ ከሌለው ውሳኔው ይሻራል፤ እንደ ሕጉ መልሶ ይወስናል። ይኼ ነው መንግሥትን የሚያቆመው?

ድሮም «አቤት!» ይባል ነበር፣ ዙፋን ችሎት ድረስ። ግን ያ የሰሚው በጎ ፈቃድ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ነገሩን መብት አደረገው፦ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ይዞ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት። ከዚያስ? በ2000 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 155 ወጣ። ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ ያለ ዲሲፕሊን ሥርዓት ማሰናበት ይችላል፤ የተሰናበተውም በማንኛውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራው አይመለስም አለ። የትኛው አንቀጽ መሰላችሁ? እሱም 37! አንዱ 37 የከፈተውን በር ሌላው 37 ዘጋው። ሌባ ይቀጣ፣ ማን ጠላ? ሌባ መሆኑን ግን ማን አጣራ?

የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ከሕገ መንግሥቱ 25 ዓመት በኋላ! መመሪያ ሲረቀቅ ሕዝብ አስተያየት ይስጥበት፣ ይመዝገብ፣ ይታተም፤ ውሳኔ ምክንያቱ ይጻፍበት፤ ቅር ያለው በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታውን ከጨረሰ በኋላ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያቅርብ ይላል። እኛ ግን ለፈተና ሸምድደን፣ ፈተናው ሲያልቅ ረሳነው። ያ ሻይ የሚያማስለው ወዳጄማ በዚሁ ትምህርት ጥሩ ማርክ አለው!

ጓደኛዬ አሁን አልጋው ላይ ተቀምጦ የእናቱን ቅሬታ እየጻፈ ነው። ሁለት ወረቀት ቀዶ ጥሏል። ሦስተኛው እንዲህ ይጀምራል፦ «በመመሪያው መሠረት ብላችሁኛል፤ መመሪያው ይሰጠኝ።»