ውጤቱን መዝጋቢዎች፣ መንስኤውን ተቀባዮች፦ የላስታ ተራሮችና የፀሐይ ጥናት

መስከረም 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ፣ በቁጥር 13842 ከተመዘገበው የፀሐይ ጥቁር ነጠብጣብ ቀጠና የተነሣ ነበልባል ኤክስ 9.0 ከተባለው ከፍተኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያ ሰዓት በላሊበላ ሰማይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ክረምቱም እየወጣ ነበር። ከእንዲህ ዓይነቱ ነበልባል የሚፈልቀው ኤክስሬይ በስምንት ደቂቃ ገደማ ምድር ደርሶ ቀን በሆነበት የዓለም ክፍል ያለውን አዮኖስፌር ያውካል፤ የአጭር ሞገድ ሬዲዮንም ያዳክማል።

ይህን ውጤት በመመዝገብ አገራችን እንግዳ አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲለካ ኖሯል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዋሸራ ቤተ ሙከራ አዮኖስፌርን ያጠናል። መንስኤውን፣ ማለትም የነበልባሉን ብርሃን፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎች አገሮች መዛግብት እንቀዳለን።

ፎቶግራፍ ነበልባሉ የት እንደ ፈነዳ ያሳያል፤ ስፔክትሮስኮፒ ደግሞ ጋዙ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደ ተንቀሳቀሰ ይናገራል። በ656.3 ናኖሜትር ላይ ያለው የሃይድሮጅን አልፋ መስመር በተለመደው ጊዜ ጥቁር ሲሆን ብርቱ ነበልባል ሲነሣ ይበራል። ብዙ ጊዜም በቀይ በኩል ያለው ጠርዙ ይበልጥ ይሰፋል፤ ይህም ጋዝ ወደ ፀሐይ ገጽ ቁልቁል መውረዱን ያመለክታል። በሰከንድ 50 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ጋዝ መስመሩን በ0.11 ናኖሜትር ያህል ያዛውረዋል። ይህን ለመለየት ግዙፍ መስተዋት አያሻም፤ የፀሐይ ብርሃን ብዙ ነውና። የ10 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕና በጥንቃቄ የተስተካከለ ስፔክትሮግራፍ ይበቃሉ።

በእንጦጦ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ የከተማው መብራት ግን ሌሊቱን እየነጠቃቸው ነው። በዚህም ምክንያት በላሊበላ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ታላቅ የከዋክብት መመልከቻ ለማቋቋም ቦታ ሲጠና ቆይቷል። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍ የሚገኘውም በዚሁ አካባቢ ነው። በእኔ አስተያየት፣ የላስታ ሰማይ ጥናት የሌሊቱን ብቻ ሳይሆን የቀኑንም ሰማይ ሊለካ ይገባል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታዊው ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ባለፈ ጊዜ ብዙ ዓይን ወደዚያች ፀሐይ ተመልክቶ ነበር። ያችው ፀሐይ ዛሬም በየማለዳው ትወጣለች።

ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ክረምት ደመና አለ፤ ቀን ቀን ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ምስልን ያርገበግባል፤ ለከዋክብት የተመረጠ ተራራ ሁሉ ለፀሐይ ይመቻል ማለትም አይቻልም። መሣሪያም ተመልካችም ሰላም ይሻሉ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ የሙቀቱና የደመናው ጥያቄ ግን በልኬት እንጂ በግምት አይፈታም። የፀሐይን ገጽ ሌት ተቀን የሚከታተለው ጎንግ የተባለው ዓለም አቀፍ መረብ ስድስት ጣቢያዎች አሉት፤ በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ ግን አንድም የለውም። በአንጻሩ በደቡብ ሕንድ ከፍተኛ ስፍራ ላይ ባለችው ኮዳይካናል፣ ጆን ኤቨርሼድ በ1909 እ.ኤ.አ. የስፔክትረም መስመሮችን መዛወር ለክቶ ከጥቁር ነጠብጣብ ወደ ውጭ የሚፈስ ጋዝ መኖሩን አሳይቷል። ለዚህ ያበቃው በትዕግሥት የተያዘ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎቻችን ታላቁን መመልከቻ ሳይጠብቁ አንድ የድኅረ ምረቃ ሥራ ለዚህ ቢመድቡ እላለሁ፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ አንድ በጋ፣ በአንዲት አነስተኛ መሣሪያ። ያ ተማሪ ትልቅ ነበልባል ላያገኝ ይችላል። ነገር ግን መረጃው ከየት እንደ መጣ፣ ስሕተቱም ምን ያህል እንደሆነ በእጁ ለክቶ ያውቃል፤ ይህን ዕውቀት ከማንም መዝገብ መቅዳት አይቻልም።