ባለ ሁለት ዓይን ፊልም

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ የወረደ እንግዳ ናርጋ ሥላሴን ሳይሳለም አይመለስም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የመቅደሷ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። ካህኑ በመቋሚያቸው ጫፍ እያመለከቱ አንዱን ሥዕል ከቀጣዩ ጋር ሲያያይዙት ታሪኩ ይሄዳል። ጠጋ ብሎ ላየ ደግሞ አንድ ነገር ይገለጥለታል። በዚህ የአሣሣል ወግ ጻድቁ ፊት ለፊት ስለሚሣል ሁለት ዓይን አለው፤ ክፉው በጎኑ ስለሚሣል የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይህ ወግ ያምራል። ለፊልም ግን አይበቃም። የገጠሩን ኑሮ ያሳዩንን ሦስት የታወቁ ፊልሞች፣ «ጤዛ»ን፣ «ድፍረት»ንና «ላምብ»ን፣ ሰሞኑን አከታትሎ ያየ የጣና ዳር ሰው ልዩነታቸውን በዚሁ መለካት ይችላል፤ ባለ ሁለት ዓይን ሰው ማን ሣለ?

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ቀዳሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በማግሥቱ ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወስዷል። ሽልማቱ ይቅርና ታሪኩ የዚህ ሐይቅ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ እግሩን አጥቶ ከጀርመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ ይመለሳል። ሰው የተማረ ልጃችን መጣ ብሎ ይደሰታል፤ እሱ ግን ሌሊት በቅዠት ይባንናል። በዚህ ጊዜ ጠበል ይወሰዳል። ሌላ ሰው ቢሠራው ጠበሉን ወይ የኋላ ቀርነት ምልክት፣ ወይ የተአምር ማሳያ ያደርገው ነበር። ኃይሌ ሁለቱንም አላደረገም። የጨነቃት እናት የምታውቀውን መድኃኒት ስትፈልግ ያሳየናል፤ በቃ። መንደሩ ያገለላትን አዛኑንም ይህችው እናት ቤቷ አስጠግታታለች፤ የአዛኑ ጥፋት አልተሸፈነም፣ ሰውነቷም አልተካደም።

ደግሞ አፈሳው አለ። ልጆቹ ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። በደርግ ዘመን ልጇን ደብቃ ሌሊቱን በር በሩን ስታይ ያደረች የጎጃምም ሆነ የጎንደር እናት ይህን ለማወቅ አስረጂ አያስፈልጋትም።

ድክመቱ የሚጀምረው ካሜራው ከሐይቁ ሲርቅ ነው። ፊልሙ 140 ደቂቃ ይፈጃል፤ በጀርመን የተማሪዎቹ የፖለቲካ ክርክር ብዙ ጊዜ ከጨዋታ ይልቅ የስብሰባ ንግግር ይሆናል። ዘመኑ ወዲያና ወዲህ ስለሚዘል ተመልካች የቱ ጋ እንዳለ ይጠፋዋል። ካሳንድራ የተባለችው ብልኅ ሴት ገና ስንለምዳት ከታሪኩ ትወጣለች። አንበርብርን የሚደበድቡት ዘረኛ ወጣቶችም እንደ ግድግዳው ጨካኞች ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ያን ያህል የበሰለ ፊልም ይህን ማለፍ አልነበረበትም።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» (እ.ኤ.አ. 2014) በእውነተኛ የጠለፋ ጉዳይ ላይ ቆሟል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ እንዳይከሰስ ይከልለው ነበር፤ ቀዳዳው የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። በፊልሙ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ተቀምጦ በተጠለፈችው ልጅ ላይ ሲፈርድ ትንፋሽ ይይዛል፤ የፊልሙ ምርጥ ቦታ እሱ ነው። ከዚያ ውጭ ግን ታሪኩ ለልጅቱ ጠበቃ ድል ይቸኩላል። ጠላፊውን ያሳደገው ቤት፣ ያጀገነው ጓደኛ፣ ጠለፋን ወግ ያደረገው ንግግር በወጉ አልተነካም። ሕጉ ተለውጦም ጠለፋ ለምን አልጠፋም ብሎ ለሚጠይቅ ተመልካች መልሱ ያለው እዚያ ቤት ውስጥ ነበር።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (እ.ኤ.አ. 2015) በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ይሸጣል፤ አጎቱ ደግሞ ምግብ ማብሰል የወንድ ሥራ አይደለም ብሎ ይቆጣዋል፣ ልጁ የሚወዳትን በግ ለበዓል ሊያርድ ያስባል። ሆኖም አጎትየው ክፉ አይደለም። ቤት ሙሉ አፍ የሚጠብቀው ገበሬ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። የተበላሸው ውበቱ ነው ማለት ይቻላል፤ ተራራው ሁሉ እንደ ፖስት ካርድ ስላማረ ችግሩ ሆድ ውስጥ አይገባም። የእናቱ ቤተ እስራኤላዊነትም ተነሥቶ ሳይብሰለሰል ይቀራል።

ከሦስቱ «ጤዛ» ከነድክመቱ ይበልጣል፤ የጣና ዳርን ሰው በትልቅ ስክሪን ላይ በሙሉ ፊቱ ያቆመው እሱ ነውና። ባሕር ዳር የሙሉዓለም የባህል ማዕከል አዳራሽ አላት። «ጤዛ» እዚያ ለአንድ ምሽት ይታይ፤ ከደቅ በጀልባ ለሚመጡ እናቶችና አባቶችም የፊት ወንበር ይያዝላቸው።