ማህተም ወይስ ሰቆጣ?

ሰሞኑን አንዲት የውሃ ምህንድስና ተማሪ ጽፋልኛለች። ለኢንተርንሺፕ የደረሳት ሰቆጣ፣ የውሃ ጽሕፈት ቤት ነው። «ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም። አንድ ዘመዳችን ድርጅት አለው፤ ሳልሠራ ማህተም ያደርግልኛል። ጓደኛዬም ማን ያጣራል ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?» ትላለች።

እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ጓደኛሽ አልዋሸም። በወረቀት ላይ ነገሩ ያምራል፤ አንድ ሙሉ ሴሚስተር፣ የሚያሠራሽ ባለሙያ፣ መጥቶ የሚያይሽ አማካሪ፣ መጨረሻ ላይ ሪፖርት። በተግባርስ? ስንቱ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ከርሞ የአምናውን ልጅ ሪፖርት ገልብጦ ያስረክባል! አማካሪውም ቢበዛ ስልክ ይደውላል። ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቀጣሪው «ምን ሠርተሻል?» ይልሻል። ማህተሙን ታሳዪዋለሽ?

ተማሪን ወደ ክፍለ ሀገር መላክ ዛሬ አልተጀመረም። ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በአስተማሪነት። ያኔም ያጉረመረመ አልጠፋም። የጎንደር የጤና ተማሪዎችም በቡድን ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠራሉ። እነዚህ ግን የሚሠሩትን አውቀው ነው የሚሄዱት። ያንቺ ጥያቄም መሆን ያለበት ይሄ ነው፤ «እዚያ ማን ያሠራኛል? ምን?»

ሥራውማ ሞልቷል። ዋግ ኽምራ ድርቅ የሚደጋገምበት አገር ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ሲገባ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለው ያለ ነገር መሰለሽ? አንቺ ቀመሩን ከክፍል ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ የእጅ ፓምፑ የቆመው ግን አንዲት ጎማ አልቃ፣ ወይ የውሃ ኮሚቴው የጥገና ብር ሳይሰበስብ ቀርቶ ይሆናል። ይሄን የምትነግርሽ እንስራ ተሸክማ የምትመላለሰዋ ሴት ናት። ቋንቋዋ ኽምጣና ከሆነ የሚያስተረጉም ሰው ፈልጊ፤ ሰላምታውን እንኳ ብትለምጂ ፊቷ ይፈታል።

የመንገዱ ጸጥታ ካሰጋሽ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ማንም ፈሪ አይልሽም። ለትምህርት ክፍልሽ በግልጽ ነግረሽ ቦታ አስቀይሪ። የተቀየረልሽ ቦታ ግን እውነተኛ ሥራ ያለበት ይሁን፤ የዘመድሽ ቢሮ አይደለም።

የምትሄጂ ከሆነ የሚያሠራሽን ባለሙያ ስምና ስልክ አስቀድመሽ ያዢ። የየቀኑን ሥራ በደብተር ጻፊ፣ ሪፖርትሽ ከዚያ ይወጣል። ማታ ማታ ይበርዳልና ጃኬት አትርሺ። የቤት ኪራዩን ማን እንደሚችልም ሳትሳፈሪ ጠይቂ፤ ከደረሱ በኋላ እንዲህ ያለውን መልስ የሚሰጥ አይገኝም።