የዛፍ ሥር ቅጠል ባለበት ይቅር

ደብረ ታቦር አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጎረቤቴ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ጫካ ከወይራውና ከጥዱ ሥር የረገፈውን ቅጠል ጠርገው፣ ከምረው፣ ክብሪት ይጭሩበታል። ለበረከት ነው የሚያደርጉት። ዕድሜዬን በባዮሎጂ መምህርነት ያሳለፍኩት እኔ ግን እሳቱን ሳይ ሆዴ ይቃጠላል።

ከዚያ ክምር ሥር አንድ እፍኝ እርጥብ ቅጠል አንሥታችሁ ነጭ ሳህን ላይ አራግፉ። ትንሽ ታገሡ። ከአፈሩ ብናኝ መካከል አንዷ ቡናማ ቅንጣት ወደ ኋላዋ ስትሸሽ ካያችሁ ጊንጥ የምትመስል ትንሽ ፍጥረት ናት። ቁመቷ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ስምንት እግርና ከፊት ሁለት መቆንጠጫ አላት፤ የሚናደፍ ጅራት ግን የላትም። መርዟ መቆንጠጫዋ ውስጥ ነው፤ ሰውን አይጎዳም። ዓይኗ ደካማ ስለሆነ የምታድናቸውን ጥቃቅን ነፍሳት የምታገኘው በመቆንጠጫዋ ላይ ባሉት ረጃጅም ፀጉሮች የአየሩን እንቅስቃሴ እያዳመጠች ነው። ቆዳዋን ስትቀይር ከአፏ አካባቢ በምታወጣው ሐር ትንሽ ጎጆ ሠርታ ትደበቃለች። እንቁላሏን ከሆዷ ሥር በከረጢት ይዛ፣ ፅንሶቹን ከገላዋ በሚወጣ ፈሳሽ ትመግባለች። (እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 በማይክሮስኮፕ ያየውን ሲያሳትም የእሷን ዘመድ ሥዕልም አካቷል። እኛ ዛሬም እናቃጥላታለን።)

ይህን ለጎረቤቴ ስነግራቸው «መምህር፣ ደግሞ ለጊንጥ ጥብቅና ቆሙ?» አሉኝ።

ጥብቅናዬ ለጫካው ነው። ቅጠሉ የዝናቡን ውኃ ይይዛል፤ ሲበሰብስ ለችግኙ ምግብ ይሆናል፤ የሚያበሰብሱትም በውስጡ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታትና ሻጋታዎች ናቸው። የደን ተመራማሪዎቹ ዶክተር አለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በድንጋይ ካብ ማሳጠራቸው ትልቅ ሥራ ነው። ካቡ ከብት ይመልሳል፤ መጥረጊያ ግን የሚገባው በበሩ ነው።

ለምጣዷ ቅጠል የምትለቅመዋን እናት አልወቅስም፤ ሌላ ማገዶ ሳንሰጣት ምን አፍ አለን? ክርክሬ ለበረከትም ይሁን ለውበት ብሎ ከሚያቃጥለው ጋር ነው። ለሰበካ ጉባኤው ያቀረብኩት ሐሳብም አጭር ነው፦ መንገዱና ዐውደ ምሕረቱ ይጠረግ፤ የተጠረገው ከዛፎቹ ሥር ይበተን፤ ክብሪት ወደ ጫካው አይግባ።