የሰው ጆሮ አማና ነው

የሰው ጆሮ ያገኘ ሰው አማና ተቀብሏል። ደቡብ አፍሪካዊው የሬዲዮ አቅራቢ ኾላኒ ግዋላ ይህን በሥራው አሳይቷል። በኤስኤኤፍኤም፣ ኋላም በጆሃንስበርጉ 702 ሬዲዮ ባለሥልጣናትን ሳይጮህና ሳያዋርድ ጠንካራ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር።

የሌላውን እውነት ማውጣት ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የአንጀት ካንሰር ሲገኝበት የራሱንም አልደበቀም፤ ለሕዝብ በግልጽ ተናገረ። በ2018 ወደ ማይክራፎኑ ተመለሰ። በሽታው ግን አገርሽቶበት በኖቬምበር 1 ቀን 2019 በ44 ዓመቱ አረፈ።

እኛስ? ስንቱ ወጣት ነው ሕመሙን በይሉኝታ ደብቆ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሐኪም ቤት የሚደርሰው? ብዙ ተከታይ ያላችሁ ሆይ፣ ቀልድና ፉክክር ብቻ አትልቀቁ። አንድን ሰው በጊዜ እንዲመረመር ያደረገች ቃል ከሺህ ላይክ ትበልጣለች።